እረኛው የማን ቤት ሰው ነው?

መሸንቲ ከባህር ዳር ወደ ደቡብ፣ በመርዓዊ በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። የእናቴ ታላቅ ወንድም እዚያ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። በግንቦት 1999 ሦስተኛው የሕዝብና የቤት ቆጠራ ሲካሄድ፣ እንደ ብዙ መምህራን እሳቸውም ቆጣሪ ነበሩ። ስለ መሸንቲ ምድርና ሕዝብ ልጽፍ ብዬ ከዓመታት በኋላ፣ በዚያው በግንቦት ወር ሄጄ አገኘኋቸው። ማሳው ለበቆሎ ታርሶ ቀልቷል፤ ባለቤታቸው እትዬ ቡና እያፈሉ ነበር።

እኔ፦ ጋሼ፣ ወደ ጉዳዬ ሳልገባ አንድ ያነበብኩትን ላጫውትዎ። ስፔን ውስጥ፣ ላ ሪዮሃ በሚባለው ክልል፣ ቪያሮያ የምትባል መንደር አለች። መንደር ብትሆንም ራሷን የቻለች ማዘጋጃ ቤት ናት፤ ከንቲባ አላት። እ.ኤ.አ. በ2023 የአካባቢ ምርጫ ሲደረግ መራጮቿ ሰባት ነበሩ። ሰባቱም ተሰልፈው ጠብቀው፣ ሳጥኑ እንደተከፈተ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ድምፃቸውን ሰጥተው ጨረሱ።

ጋሼ፦ ሰባት ሰው እኮ የአንድ ቤት ቡና ተጣጪ ነው። ሰዉ ሁሉ የት ገባ? ጦርነት ፈጀው?

እኔ፦ ጦርነቱ ቀደም ብሎ ነበር። ሰዉን የወሰደው ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ወጣቱ ገጠሩን እየለቀቀ ወደ ማድሪድ፣ ወደ ባርሴሎና፣ ወደ ቢልባኦ ነጎደ፤ ጀርመንና ስዊዘርላንድ የገባም ብዙ ነው። ሽማግሌው ቀረ። ልጅ ሲጠፋ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ልጅ ያለው የመጨረሻው ቤተሰብ ሄደ። ዛሬ ስፔን ካሏት ከ8 ሺህ የሚበልጡ ማዘጋጃ ቤቶች ውስጥ 5 ሺህ ያህሉ ነዋሪያቸው 1 ሺህ አይሞላም። ሶሪያ የምትባል አውራጃ አለች፤ የዐረቧን አገር ማለቴ አይደለም፤ ስፋቷ ከ10 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ የሚኖርባት ግን 90 ሺህ ያህል ሰው ብቻ ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ዘጠኝ ሰው መሆኑ ነው።

ጋሼ፦ የኛስ?

እኔ፦ እርስዎ በቆጠሩበት በ1999 የባህር ዳር ዙሪያ ወረዳ 182 ሺህ 730 ሰው ነበረው፤ ስፋቱ 1 ሺህ 443 ካሬ ኪሎ ሜትር። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 126 ሰው ይደርሳል። ያውም በማረሻና በበሬ የሚኖር ሕዝብ።

ጋሼ፦ ቆይ። ያቺ መንደር ስንት ሰው እንዳላት ማን ቆጠረ? ቆጣሪ ሰባት ሰው ፍለጋ ተራራ ይወጣል?

እኔ፦ አይወጣም። እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት የነዋሪ መዝገብ አለው። ሰው ቤት ሲቀይር አዲሱ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ይመዘገባል፤ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው የውጭ አገር ሰው እንኳ ይመዘገባል። በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ላይ የነበረው ቁጥር በመንግሥት ጸድቆ ይወጣል። ገንዘቡም፣ የምክር ቤቱ ወንበርም የሚሰላው በዚያ ነው። ከሰባቱ አንዱ ቢሞት በዓመቱ አንድ ተቀንሶ ይጻፋል።

ጋሼ፦ ይኸ የሚያስቀና ነው። መሸንቲ ስንት ሰው አላት ብለሽ ብትጠይቂ በየቢሮው የተለያየ ቁጥር ይሰጥሻል፤ ሁሉም ግምት ነው። መጨረሻ በር ለበር የተቆጠረው በ1999 ነው። ያኔ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ያየሁት ሕፃን ዛሬ ጎረምሳ ሆኖ ባጃጅ ይነዳል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ላይ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። የምርጫ ክልል ወሰን እንኳ የሚወሰነው በዚያ ውጤት ነው ይላል፤ ለተማሪዎቼ በሥነ ዜጋ አስተምሬዋለሁ። አራተኛው ለ2010 ተባለ፤ ተላለፈ። ለ2011 ተባለ፤ ታብሌቱ ተገዝቶ፣ ካርታው ተነሥቶ፣ በጸጥታው ምክንያት ተላለፈ። ከዚያ ኮሮና መጣ። ከዚያ የመጣውን አንቺም ታውቂዋለሽ።

እኔ፦ በመሀሉ ያለው በግምት ይሞላል። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ከ1999ኙ ተነሥቶ እያሰላ ያወጣል፤ የተባበሩት መንግሥታት ደግሞ በራሱ ስሌት ያወጣል። በ2014 የኛው ስሌት 105 ሚሊዮን ገደማ ሲል የነሱ 123 ሚሊዮን ይል ነበር።

ጋሼ፦ ልዩነቱ 18 ሚሊዮን? ያኔ መላውን አማራ ክልል ቆጥረን ያገኘነው 17 ሚሊዮን ከ221 ሺህ ነው! አንድ ክልል የሚያህል ሰው በሁለት ወረቀት መካከል ጠፋ ማለት ነው።

(እትዬ የመጀመሪያውን ሲኒ ሰጡን። ጋሼ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ።)

ጋሼ፦ ቁጥሩን ከመፈለግሽ በፊት ግን መልሽልኝ፤ መሸንቲ የት ድረስ ናት? የዚያች የስፔን መንደር ወሰን የታወቀ ነው?

እኔ፦ የታወቀ ነው። ሰው ቢያልቅባት እንኳ ወሰኗ ካርታው ላይ ይኖራል።

ጋሼ፦ የኛዋ ደግሞ ሰዉ ሲበዛ ወሰኗ ይጠፋል። ድሮ የባህር ዳር ዙሪያ ናት እንል ነበር፤ ኋላ ከዘጌና ከጢስ ዓባይ ጋር የባህር ዳር ሳተላይት ከተማ ሆነች። ነይ ወደ ደጅ። ይኸ አስፋልት ዳር ያለው ሱቅ ከተማ ነው። ከሱቁ ጀርባ ያለው በቆሎ የባለሱቁ ጓሮ ነው፤ ከተማ ነው። ከበቆሎው ማዶ ያለው ጎጆ የገጠር ቀበሌ ነው። ሁለቱ ሰዎች ግን የአንድ ዕድር አባል ናቸው፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ ልጆቻቸው አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ቆጣሪ ሆነሽ ስትሄጂ አንዱን የከተማ ቅጽ ላይ፣ አንዱን የገጠር ቅጽ ላይ ነው የምትጽፊው።

እኔ፦ ባህር ዳርም ላይ ይኸው አለ። ከ1999ኙ ቆጠራ ሦስት ቁጥር ይጠቀሳል። ዋናው ከተማ ብቻ ሲሆን 155 ሺህ 428። በዙሪያዋ በከተማነት የተቆጠሩት ሲጨመሩ 180 ሺህ 174። በአስተዳደሯ ሥር ያሉት የገጠር ቀበሌዎች ሲጨመሩ 221 ሺህ 991። ሦስቱም ልክ ናቸው። ጋዜጣ ላይ ግን አንዱ የአሥር ዓመቱን እድገት ሲያሰላ ከትንሹ ተነሥቶ በትልቁ ይጨርሳል፤ ከተማዋም በወረቀት ላይ ታብጣለች።

ጋሼ፦ ይኸን ጻፊው። ሰው የተወለደ ይመስላቸዋል፤ የተወለደው መስመር ነው።

እኔ፦ ግን ጋሼ፣ ከተማው ለምን እዚህ ሆነ? ሐይቁ ባህር ዳር፣ ገበያውም እዚያ።

ጋሼ፦ መንገዱ ነዋ። ከባህር ዳር ወደ መርዓዊ፣ ወደ ዳንግላ የሚሄድ ሁሉ በደጃችን ያልፋል። የቆመ መኪና ዙሪያ ሻይ ቤት ይበቅላል፣ ከሻይ ቤቱ ጎን ወፍጮ ይተከላል፣ ከዚያ ትምህርት ቤት። ሁለተኛው አፈሩ ነው። ከጣና በስተደቡብ ያለው ይኸ ሜዳና ኮረብታ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው። በምድር ዕድሜ ሲታይ ገና የትናንት ነው። የዚያ ድንጋይ ፍሳሽ ነው የጣናን መውጫ ገድቦ ሐይቁን የያዘው። ድንጋዩ ሲበሰብስ ይኸ ቀይ አፈር ሆነ፤ ጥልቅ ነው፣ ውሃ አያቁርም፣ በቆሎና ዳጉሳ ይወዱታል። ሦስተኛው ደግሞ ውሃው ነው። ድንጋዩ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ የክረምቱን ዝናብ ይጠጣና በምንጭ ይመልሰዋል። ባህር ዳር በሐይቅ ዳር ተቀምጣ የምትጠጣው ከየት ይመስልሻል? ከሐይቁ አይደለም። ከአረቄና ከሎሚ ምንጮች፣ ከጉድጓድም ነው። ከተማዋ የምትጠጣው ይኸ ቀይ ምድር ያጠራውን ነው። ኮረብታው ሁሉ ቤት ከሆነ፣ ሽንት ቤቱ ሁሉ እዚያ ድንጋይ ላይ ከተቆፈረ፣ የሚጠጣው ምን ሊሆን ነው?

እኔ፦ ታዲያ አፈሩ ይኸን ያህል ጥሩ ከሆነ ያ ሁሉ ባህር ዛፍ ምንድን ነው? ከባህር ዳር እስከዚህ ስመጣ ግራና ቀኙ ባህር ዛፍ ነው። ሰው የለቀቀው አገር ነው የሚመስለው። ስፔንም ገበሬው ከሄደ በኋላ ማሳውን ጫካ ነው የወረሰው።

ጋሼ፦ ዛፉ ሰዉ ሄዶ የበቀለ አይደለም። ሰዉ እዚሁ ነው፤ መሬቱ ነው ያጠረው። በ1989 የመሬት ክፍፍል የተደረገ ጊዜ ጎልማሳ የነበረ አገኘ፤ "ቢሮክራሲ" የተባለው የድሮ ሹም ደግሞ የተረፈለት አንድ ሄክታር ነው። ከዚያ ወዲህ ክፍፍል የለም። ያን ጊዜ ሕፃን የነበረው፣ ከዚያም ወዲህ የተወለደው ሁሉ የአባቱን ቁራሽ ነው የሚጠብቀው። አባትየው አንድ ሄክታር አለው እንበል፤ አምስት ልጅ አለው። ማን ያርሳል? አንዱ ባህር ዳር የቀን ሥራ ገባ፣ አንዱ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወረደ፣ አንዷ አረብ አገር ሄደች። ጉልበት ሲጠፋ ዛፍ ይተከላል፤ ዛፍ አይታረምም። በዚያ ላይ አፈሩ አሲዳማ እየሆነ ነው፤ ማዳበሪያው በየዓመቱ ይወደዳል። አጣናውን ነጋዴው ደጅ ድረስ መጥቶ በጥሬ ብር ይገዛዋል፤ ሱዳን ድረስ የሄደበት ዘመን ነበር። ገበሬው ሞኝ አይደለም። ግን ከዛፉ ሥር ያለው የጎረቤት ማሳ ይደርቃል፣ ምንጩም ይሸሻል። ይኸን ሳይ ሆዴን ይበላኛል።

እኔ፦ ቢሆንም ወሊዱም ቀንሷል። በክልሉ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በ1992 ጥናት በአማካይ 5.9 ልጅ ነበር፤ በ2008 ጥናት 3.7 ሆኗል።

ጋሼ፦ እኔ ክፍል ውስጥ አይቼዋለሁ። ድሮ "ስንተኛ ልጅ ነህ?" ስለው "ስድስተኛ"፣ "ሰባተኛ" ይለኝ ነበር። ኋላ ኋላ ሦስተኛው ሁሉ የመጨረሻ ሆነ። የጤና ኤክስቴንሽን ልጆቹ ቤት ለቤት ሄደው ያስተማሩት ነው። የመሬቱም ማነስ አስተምሯል።

እኔ፦ ያኔ የቆጠራው ውጤት ሲወጣ የተነሣው ክርክር ይኸው አልነበረም? አማራ ክልል ከተጠበቀው በ2.4 ሚሊዮን አነሰ ተብሎ ፓርላማው ድረስ ደረሰ። ክልሉ በዓመት ያደገው በ1.7 በመቶ፣ አገሪቱ በ2.6 በመቶ። አንዱ ወገን ሰው ተዘሎ ነው አለ፣ አንዱ ወሊድ ቀንሶ፣ በሽታውም ፈጅቶ ነው አለ። እርስዎ የቆጠሩ ሰው ነዎት፤ የት ነው ልብዎ?

ጋሼ፦ ስለ 2.4 ሚሊዮን አልናገርም፤ የማውቀው የተሰጠችኝን የቆጠራ ቦታ ነው። ግን ሰው እንዴት እንደሚዘለል ላሳይሽ። ማንም ተንኮል ሳያስብ ይዘለላል። ቤቱ ስትደርሺ "የዚህ ቤት ሰው ስንት ነው?" ትያለሽ። ገበሬው የሚቆጥርልሽ በልቡ የቤቴ ሰው የሚለውን ነው። አስኳላ ያለችውን፣ ከተማ ተከራይታ የምትማረውን ልጁን ይቆጥራል፤ አከራይዋ ደግሞ "ተከራይ ናት" ብላ ትተዋታለች፣ ወይም እሷም ትቆጥራታለች። ከገጠር እየመጡ እዚህ አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተው፣ በሳምንቱ መጨረሻ ስንቅ የሚያመላልሱ ተማሪዎች አሉ። ሰኞ ሄደሽ ብትቆጥሪ የመሸንቲ ናቸው፣ ቅዳሜ ብትሄጂ ክፍሉ ቁልፍ ነው። በቅርብ ደግሞ ባህር ዳር ኪራይ ሲወደድበት እዚህ እየመጣ የሚያድር አለ፤ ጠዋት በባጃጅና በሚኒባስ ወጥቶ ማታ ይገባል። ቀን ብትመጪ ቤቱ ባዶ ነው።

እኔ፦ የጨረቃ ቤቶቹስ?

ጋሼ፦ እነሱ ከሁሉ ይከብዳሉ። በሌሊት ቆርቆሮ መትቶ የሠራ ሰው ወረቀት የያዘ እንግዳ ሲያይ አፍራሽ የመጣ ነው የሚመስለው። በሩን ዘግቶ በጓሮ ይወጣል። ሌላው ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ "ጻፉኝ፣ ቁጥር በበሬ ላይ በጠመኔ ጻፉልኝ" ብሎ ይከተልሻል። ቁጥር የተጻፈበት ቤት አይፈርስም ብሎ ያምናል። ሁለቱም ያንኑ ወረቀት ነው የሚያዩት። አጥሮ የሄደም አለ፤ ቦታ ገዝቶ፣ ቆርቆሮ አጥሮ፣ ዘበኛ አስቀምጦ ውጭ አገር የሚኖር። ዘበኛው ነው የመሸንቲ ሰው፤ ባለቤቱ አይደለም። ቅጹ ላይ ግን ሁሉም ባለቤቱን ነው የሚነግርሽ።

እኔ፦ ታዲያ እንደ ስፔን መዝገብ ቢያዝስ? ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከ2008 ማብቂያ ጀምሮ አለ። ፋይዳ መታወቂያም መጥቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም የቤተሰብ ማኅደር አላት። እነዚህ ቢገናኙ በየአሥር ዓመቱ ሚሊዮን በር ማንኳኳት ይቀር ይሆናል።

ጋሼ፦ ቢገናኙ ደስ ይለኛል፤ አልቃወምም። ግን መዝገብ የሚጽፈው የመጣለትን ሰው ነው። ፋይዳ ለማውጣት ትሄጃለሽ፣ ልጅ ለማስመዝገብ ትሄጃለሽ፣ የቀበሌ መታወቂያ ለማደስ ትሄጃለሽ። የስፔኑም ሄዶ ነው የሚመዘገብ አላልሽም? ቆጠራ ግን ላልመጣው ሰው ነው የሚሄደው። ዝናብ እየመታሽ፣ ውሻ እያባረረሽ፣ በር ድረስ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ብቻ ናት ለዚህ የምትቀርበው፤ እሷም የምትጽፈው እናትና ልጅ ያለበትን ቤት ነው ብዙውን ጊዜ።

እኔ፦ ላልመጣው ሰው ሲሉ ማንን ነው የሚያስቡት?

ጋሼ፦ ልንገርሽ። ለሰው ብዙም አላወራሁትም። አንድ ገበሬ ቤት ገባሁ፤ እዚህ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር። "ስንት ናችሁ?" አልኩ። "ስድስት" አለኝ፤ ስም በስም ቆጠረልኝ፣ ጻፍኩ፣ ጠላ ቀመስኩ፣ ወጣሁ። ስወጣ በረቱ በራፍ ላይ ማዳበሪያ ከረጢት ተከናንቦ የቆመ ልጅ አየሁ። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። "ይኸስ?" አልኩት ባለቤቱን። "ኧረ እሱ የሰው ልጅ ነው፤ ለከብት ነው የመጣው" አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ልጁን አብልቶ፣ በዓመት ልብስና ጥቂት እህል ለቤተሰቡ የሚሰጥ ሰው ነው። ግን የቤቱ ሰው ብሎ አላሰበውም። እኔም ዝናቡ እየበረታ ነበርና ሄድኩ።

እኔ፦ ስድስት ብለው?

ጋሼ፦ ስድስት ብዬ። ማታ ቅጾቼን ሳስተካክል ያ ከረጢት ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። የሠለጠንነው፣ ስድስት ወር የኖረ ወይም ሊኖር ያሰበ ሰው በሚያድርበት ቤት ይጻፋል ተብለን ነው። ልጁ ሁለተኛ ዓመቱን ነው እዚያ ያደረው። ወላጆቹ ዘንድ የሄደው ቆጣሪ ደግሞ "እዚህ አያድርም" ተብሎ ሊተወው ነው። እንግዲህ በሁለት ቤት መሀል ወደቀ ማለት ነው። በማግስቱ ሄድኩ። ከብቶቹ ወጥተዋል፤ ወንዝ ዳር አገኘሁት። ስምህ ማነው አልኩት፣ ነገረኝ። ዕድሜህ? "ከብት መጠበቅ ከጀመርኩ ሦስት ክረምት" አለኝ። ትምህርት ቤት ገብተህ ታውቃለህ? አልገባም። ሁሉንም ጻፍኩ። ሰባተኛ ሰው።

እኔ፦ ልጁ ምን አለ?

ጋሼ፦ "ለምንድን ነው የሚጽፉኝ?" አለኝ። መንግሥት ትምህርት ቤት ሲሠራ ስንት ልጅ እንዳለ እንዲያውቅ ነው አልኩት። ጅራፉን እያሻሸ አሰበና፣ "እናቴ ዘንድም ጽፈውኝ ቢሆንስ?" አለኝ። ልጄ፣ ቆጠራ ስንሠለጥን ከጠየቁን ጥያቄ ሁሉ ይኸ ይከብድ ነበር። እናቱ እንደማንኛዋም እናት፣ ልጅሽ ስንት ነው ሲሏት እሱን ሳትቆጥር አትቀርም። ሁለት ጊዜ ከተጻፈ ስሕተቱ የኔ ነው። አንድ ጊዜም ካልተጻፈ ግን እሱ የለም። ደንቡም ከኔ ጋር ነበር፤ ጻፍኩት።

እኔ፦ ከዚያ ወዲህ አይተውት ያውቃሉ?

ጋሼ፦ ክረምቱ ሲያልፍ ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ አሉኝ። በሕይወት ካለ ሰላሳ እየተጠጋው ነው። ወይ የመሬት ደብተር ላይ የአባቱን ቁራሽ ይዟል፣ ወይ ባህር ዳር ሸክም ላይ ነው፣ ወይ ከነዚህ የጨረቃ ቤቶች አንዱ የሱ ነው። ሰሞኑንም መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሰው ሲሸሽ ሲመለስ ማን የት እንዳደረ ማን ያውቃል። የዛሬ እረኞች ደግሞ ሌሎች ናቸው። እነሱን በር ላይ ሄዶ የጠየቀ የለም።

(ሦስተኛው ቡና ቀርቧል። ከባህር ዳር የሚመለሱ ሚኒባሶች አስፋልቱ ላይ ሰው እያራገፉ ነበር፤ ጋሼ ወደዚያ እያዩ ነው።)

እኔ፦ ጋሼ፣ አንድ ቀበሌ ብቻ፣ ባይቻል አንድ ጎጥ፣ እኔ ቤት ለቤት ልዙር። እርስዎ ንድፉን ይሣሉልኝ። ከየት ልጀምር?

ጋሼ፦ ከወንዙ ማዶ ካለው ቤት ጀምሪ። በጠዋት ተነሺ ታዲያ፤ ከብቶቹ ሳይወጡ።